ከኮረንቲ ቃል ፍለጋ

ኤሌክትሪክ ለሕክምና የዋለበትን ዘመን የሚተርኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሮማዊው ሐኪም ከስክሪቦኒየስ ላርገስ ይነሣሉ። ሰውዬው በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ራሱን ላመመው ሰው ኮረንቲ ያለውን የባሕር ዓሣ ግንባሩ ላይ አኑሩለት ብሎ ጽፏል። ደስ የሚል ወሬ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ራስ ምታት ሳይሆን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ንግግር ስለሆነ የምንነሣው ከፓሪስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በ1861 በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ሞተ። ሃያ አንድ ዓመት እዚያ ሲኖር፣ ሲናደድ ከምታመልጠው አንዲት እርግማን በቀር ከአፉ የሚወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር። ስሙን ቢጠይቁት «ታን፣ ታን»፤ ሕመሙን ቢጠይቁት «ታን፣ ታን»። የሆስፒታሉ ሰውም ታን እያለ ይጠራው ነበር። የሚባለውን ግን ይሰማል፤ ይገባዋል፤ በእጁ ምልክት ይመልሳል። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብሮካ አስከሬኑን ሲመረምር የአንጎሉ ግራ ክፍል ከፊት ለፊት ወደ ታች ባለው ቦታ ተጎድቶ አገኘው። ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ፣ ጉዳት ሲደርስበት የሰሙትን ለመረዳት የሚያዳግት ሌላ ቦታ ከወደ ኋላ በኩል አመለከተ። ንግግር በአንጎል ውስጥ አድራሻ አለው የሚለው እምነት እንዲህ ተተከለ። አድራሻው ከታወቀ ደግሞ ሄዶ ማንኳኳት ይመጣል።

ማንኳኳቱም ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1870 ጉስታቭ ፍሪችና ኤድዋርድ ሂትዚግ በርሊን ውስጥ የውሻ አንጎል ገልጠው በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካኩት የእንስሳው እግር ተወራጨ። ሙከራው የተደረገው በሂትዚግ ቤት፣ በሚስቱ መኳኳያ ጠረጴዛ ላይ ነው ይባላል። ወይዘሮዋ ምን እንዳሉ የጻፈ የለም። ዞሮ ዞሮ አንጎል ለኮረንቲ መልስ እንደሚሰጥ ተረጋገጠ። የዚያን ጊዜ ኦቲዝም የሚባል ስም ገና አልነበረም።

ስሙ የሐኪሞች መዝገብ ላይ ከመግባቱ በፊት ሌላ ነገር ቀደመ። በ1938 ሮም ውስጥ ኡጎ ቸርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ በጭንቅላት ላይ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ለቀው ሰው ሠራሽ የሚጥል በሽታ በማስነሣት የአእምሮ ሕመምን ማከም ጀመሩ። ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። ጦርነት እንኳ አላገደውም።

በ1943 የባልቲሞሩ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ሊዮ ካነር ኦቲዝም ስላለባቸው አሥራ አንድ ልጆች የጻፈውን ጥናት አሳተመ። ሞስኮ ውስጥ ግሩንያ ሱኻሬቫ በ1925 የሚመሳሰል ነገር ጽፋ ነበር፤ የሰማት አልነበረም። ካነር ካያቸው አሥራ አንድ ልጆች ስምንቱ ይናገራሉ፤ ሦስቱ ጽሑፉ እስከታተመ ድረስ አልተናገሩም። የሚናገሩትም አነጋገራቸው ለጨዋታ አልተሠራም፤ የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። የመጀመሪያው ልጅ፣ የሚሲሲፒው ዶናልድ፣ እናቱ ጫማውን እንድታወልቅለት ሲፈልግ የእሷኑ አነጋገር ሳይለውጥ የራሱን ጫማ «ጫማህን» ይለው ነበር። የቃል እጥረት አልነበረበትም። ያጣው ቃሉ በሁለት ሰዎች መካከል የሚመላለስበትን መንገድ ነው። ይህን ልዩነት ያስተዋለ ሐኪም በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር፤ ኋላ ማሽን ይዘው የመጡትም ብዙዎቹ አላስተዋሉትም። (ዶናልድ ትሪፕሌት ባንክ ውስጥ ሠርቶ፣ ጎልፍ ተጫውቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ።)

ያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚመዘገቡት «የልጅነት ስኪዞፍሬንያ» ተብለው ነበር። ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ኃላፊ የነበረችው ሎሬታ ቤንደር ከ1942 ጀምራ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሁለት በታች የሆነ ልጆችን በቸርሌቲ ዘዴ ማከም ጀመረች። በ1947 ያወጣችው ዘገባ ወደ መቶ የሚጠጉ ልጆችን ይመለከታል። በእሷ ግምት ብዙዎቹ ተሻሽለዋል። ልጆቹን በኋላ የተከታተሉ ሌሎች ሐኪሞች ግን ዘላቂ ለውጥ አላገኙም። ቤንደር ጨካኝ ነበረች ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ እኔ እዚያ ላይ አልቸኩልም። ልጆቹ ሌላ የሚጠብቃቸው ዕድሜ ልክ በተቋም ውስጥ መዘጋት ነበር፤ እሷም ያገኘችውን መሣሪያ አነሣች። ጥፋቱ የጎደለው ነገር ላይ ነው፤ ሕክምናው ካልተሰጣቸው እኩያ ልጆች ጋር ያነጻጸረ አልነበረም። ይህ ጉድለት ደግሞ ከቤልቪው ጋር አላለቀም።

በሞንትሪያል ዋይልደር ፔንፊልድ የሚሠራው ፍጹም ሌላ ነገር ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቀዶ ሲያክም ቆዳቸውን ብቻ አደንዝዞ፣ ራሳቸውን ሳይስቱ አንጎላቸውን በቀጭን ኤሌክትሮድ ይነካካል፤ ንግግር የሚያልፍበትን ቦታ ሳያውቅ እንዳይቆርጥ ነው። በሽተኛው ሥዕል እያየ ስም ይጠራል። ኤሌክትሮዱ የንግግር ቦታ ላይ ሲያርፍ ቃሉ ጥፍት ይላል፤ ሲነሣ ይመለሳል። አንዱ በሽተኛ የቢራቢሮ ሥዕል ሲያሳዩት ጣቱን እያንጣጣ ዝም አለ። ኋላ ሲጠየቅ ነገሩን ያውቀው እንደነበር፣ «ቢራቢሮ» አልመጣ ሲለው «የእሳት እራት» ለማለት እንደሞከረ፣ ያም እንደጠፋበት ተናገረ። ፔንፊልድ ከላማር ሮበርትስ ጋር በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ምርመራዎችን ሰበሰበ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የሚከተለው ነው። ኮረንቲ ንግግርን ያቆማል፤ የአፍን ጡንቻ በሚያዘው ቦታ ላይ ደግሞ «አአአ» የሚል የተጎተተ ድምፅ ያስወጣል፤ ቃል ግን አያስወጣም። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ በሽተኛ ላይ፣ ኤሌክትሮዱ አንዲት ትርጉም ያላት ቃል ከንግግር ቦታ መዝዞ አላወጣም።

ስልሳዎቹ የኦቲዝም ታሪክ ጨለማ ዘመን ናቸው። በቺካጎ ብሩኖ ቤተልሃይም ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጫነ፤ ቀዝቃዛ እናት ልጇን ከዓለም አሸሸችው አለ። ይህ አስተሳሰብ ወደቀ የሚባለው ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በ1977 የመንትዮች ጥናታቸውን አውጥተው የዘር ውርስ ድርሻ ትልቅ መሆኑን ሲያሳዩ ነው። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ኦሌ ኢቫር ሎቫስ በ1965 የአምስት ዓመት መንትያ ወንዶችን በባዶ እግራቸው ኮረንቲ በሚያስተላልፍ ወለል ላይ አቆመ። ወደ ሰው ሲሄዱ ኮረንቲው ይቆማል። ይህ የአንጎል ሕክምና አይደለም፤ ቅጣት ነው፤ እዚህ ያነሣሁት ወላጆች «ኤሌክትሪክ» ሲባሉ በዓይናቸው የሚመጣው ይኸው ስለሆነ ነው። ነገር ግን ያው ሎቫስ በዓመቱ፣ በ1966፣ ምንም የማይናገሩ ሁለት የስድስት ዓመት ልጆችን ድምፅ በድምፅ እያስመሰለ ቃል እንዳስተማራቸው ጻፈ። ያን ጊዜ በእጁ የነበረው ምግብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ድምፅ አንድ ማንኪያ። አድካሚ ነበር፤ ትችትም አለበት። ቃሉ ግን በኮረንቲ አልመጣም።

የቅጣቱ መንገድ አልተዘጋም፤ በማሳቹሴትስ፣ ካንተን ከተማ ያለው የጀጅ ሮተንበርግ ማዕከል በተማሪዎች ቆዳ ላይ ኮረንቲ የሚሰጥ መሣሪያ ይዞ እስከ እኛ ዘመን ዘለቀ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 ከለከለው፤ በ2021 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው፤ በ2022 መጨረሻ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ለአስተዳደሩ ሥልጣን ሰጠው። ወደ ዋናው መንገድ እንመለስ።

ዋናው መንገድ የታጠፈው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ውስጥ ነው። በ1980 ሜርተንና ሞርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ራስ ቅሉ ሳይከፈት ከላይ ሆነው አንጎልን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት እንደሚቻል አሳይተው ነበር፤ ችግሩ በጣም ያማል። በ1985 የሼፊልዱ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ሌላ ዘዴ አመጡ። የሽቦ ጥቅል ጭንቅላት አጠገብ ይያዛል፤ በቅጽበት ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መግነጢሳዊ ምት ይፈጥራል፤ ምቱ ቆዳና አጥንት ሳያሳምም አልፎ አንጎል ውስጥ ሌላ ትንሽ ኮረንቲ ያስነሣል። የታየው ውጤት የጣት መወራጨት ነው። ፍሪችና ሂትዚግ ራስ ቅል ከፍተው ያገኙትን ባርከር ሳይከፍት አገኘው። ቆየት ብሎም በሰከንድ አንድ ጊዜ እየደጋገሙ ቢመቱት ቦታው እንደሚበርድ፣ ፈጠን አድርገው ቢመቱት እንደሚነቃ ታወቀ።

የዘጠናዎቹ ማብቂያ ከኮረንቲ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር አስተማረ። በ1998 ሴክሬቲን የሚባል የምግብ መፍጫ ሆርሞን ለሆድ ምርመራ የተወጉ ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች መናገር ጀመሩ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ወላጆች መርፌውን ፍለጋ ወጡ። በ1999 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ለስልሳ ልጆች፣ ለግማሹ ሴክሬቲን፣ ለግማሹ ጨው ውኃ ተሰጠ። ሁለቱም ወገን ተሻሻለ፤ ልዩነት አልተገኘም። ልጅ ያድጋል፤ ተስፋ ያደረገ ወላጅም በልጁ ላይ ከትናንት የበለጠ ያያል። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ከወላጆቹ 69 በመቶው መርፌውን እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከዚህ በኋላ እንደ ጨው ውኃው ያለ የይምሰል ሕክምና ሳይኖረው የተደረገ የኦቲዝም ሙከራ ሁሉ በጥርጣሬ መታየት ነበረበት።

በ2000 ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ ሚካኤል ኒቸና ዋልተር ፓውሉስ ርካሽና ቀላል ዘዴ አሳተሙ። በእርጥብ ስፖንጅ የተሸፈኑ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ሚሊአምፔር ገደማ ኮረንቲ። ጣት እንኳ አያንቀሳቅስም። የሕዋሳቱን የመነቃቃት ዝንባሌ ግን እስከ 40 በመቶ ሊለውጥ ይችላል፤ ለውጡም ኮረንቲው ከጠፋ በኋላ ለደቂቃዎች ይቆያል። ይህ ኮረንቲ ሕዋሱን ራሱ አያስተኩሰውም፤ ሌላ ነገር ሲያስተኩሰው እንዳይዘገይ ያቀርበዋል። ስለዚህ በዚያው ሰዓት ልጁ አንድ ነገር ካልተማረ ሰዓቱ በከንቱ ያልፋል ማለት ነው።

የማስተማሩን በኩል ካነሣን፣ በ2002 ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። የራሷ ልጅ ኦቲዝም ነበረበት፤ ትምህርት ቤቶች ሲመልሱባት እሷው ትምህርት ቤት ሆነች። ለማይናገሩ ልጆች «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያለችውን ዘዴ አዘጋጅታ በፊደላችን ድምፆች ታስለማምድ ነበር። በ2021 አረፈች። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው የቋንቋ ሕክምና እንዲህ ያለው ነው።

በ2003 ጆን ሩበንስታይንና ማይክል መርዘኒክ የመግነጢሱንና የስፖንጁን መሣሪያ ባለቤቶች ወደ ኦቲዝም የጠራ ሐሳብ አቀረቡ። ቢያንስ በአንዳንዶቹ ልጆች አንጎል ውስጥ በሚያነቃቃውና በሚገታው ኃይል መካከል ያለው ሚዛን ወደ መነቃቃቱ አጋድሏል አሉ። ማኑኤል ካሳኖቫም የሟቾችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲያይ የሕዋሳቱ አምዶች ጠባብና የተጨናነቁ ሆነው አግኝቶ ነበር። የሚገታው ከጎደለ፣ በሰከንድ አንድ ምት እየሰጡ ማብረድ ምክንያታዊ መሰለ፤ እሱም ቡድኑም ሞከሩት።

በ2008 የመግነጢሱ ዘዴ ለአዋቂዎች ድባቴ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ቦስተን ውስጥ አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮንና ሊንድሲ ኦበርማን ኦቲዝም ባለባቸው ጎልማሶች ላይ በጀመሩት ጥናት ደራሲው ጆን ኤልደር ሮቢሰን ተሳተፈ። በ2016 ባወጣው መጽሐፍ የሰዎች ስሜት ድንገት እንደተከፈተለት ይተርካል፤ ትዳሩም በዚያ ሰሞን መፍረሱን አልደበቀም። የአንድ ሰው ምስክርነት ማስረጃ አይሆንም። ግን ነገሩ ቢሠራ እንኳ የሚለውጠው የፈለግነውን ብቻ እንዳይደለ ያስታውሳል። በ2011 ከዚያው ቡድን ሺርሊ ፌክቶና ባልደረቦቿ አስፐርገር የሚባለው የኦቲዝም ዓይነት ያለባቸው አሥር አዋቂዎች የብሮካ ቦታ አንዱ ክፍል በመግነጢስ ሲበርድ የዕቃ ስም ፈጥነው እንደጠሩ፣ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያለው ጎረቤቱ ሲበርድ ግን እንደዘገዩ አሳተሙ። በጣት ስፋት ውስጥ ተቃራኒ ውጤት! መሣሪያው የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢያርፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ወደ ልጆችና ወደ ቋንቋ በቀጥታ የመጣው ሙከራ በዚያው በ2011 ታተመ። ሽናይደርና ሆፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ቃላቸው እጅግ ጥቂት ለሆነ አሥር ተሳታፊዎች በግራ የፊት አንጎላቸው ላይ የጎቲንገንን ዓይነት ደካማ ኮረንቲ ለግማሽ ሰዓት ሰጧቸው። ከዚያ በፊትና በኋላ የዓረፍተ ነገር አሠራር ሲፈተኑ ውጤታቸው ጨመረ። አሥር ሰው፤ አንድ ቀን፤ የይምሰል ቡድን የለም። ሴክሬቲንን ያስታወሰ አንባቢ እዚህ ቆም ይላል። ይህ ጽሑፍ ግን ከዚያ በኋላ በመጡት ሁሉ ተጠቀሰ፤ በር ከፋችነቱ አይካድም።

የጎደለውን የሞላው ኮን ካየን ከሚባል የታይላንድ ከተማ የመጣ ጥናት ነው። በ2014 አኑዋት አማታቻያና ባልደረቦቹ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸውን ሃያ ወንዶች ልጆች ወሰዱ፤ አንድ ሚሊአምፔር፣ ሃያ ደቂቃ፣ አምስት ተከታታይ ቀን። ሁሉም ልጆች እውነተኛውንም የይምሰሉንም በተለያየ ጊዜ ተቀበሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ወላጅም መርማሪም አያውቅም። ይምሰሉ ብልሃት አለው። ኮረንቲው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ቆዳው ላይ የሚሰማው መንዘርዘር ግን እውነተኛውን ይመስላል። የኦቲዝም ምልክቶች መለኪያ ነጥብ በእውነተኛው ኮረንቲ በኩል የተሻለ ሆነ። ትልቅ ለውጥ አልነበረም፤ የተለካውም ከአጭር ጊዜ በኋላ ነው። ቢሆንም በዚህ ዘርፍ እስከዚያ ከተሠራው ሁሉ በንጽሕናው የሚጠቀስ ነው፤ የመጣውም ከሀብታሞቹ ቤተ ሙከራዎች አልነበረም። በ2017 ደግሞ ከሃቫና ላዛሮ ጎሜዝና ባልደረቦቹ በሃያ አራት ልጆች ላይ ሃያ ሃያ ጊዜ ሰጥተው ማኅበራዊና የመግባቢያ ለውጥ እንዳዩ ጻፉ፤ ትንንሾቹን በስፖንጁ ኮረንቲ፣ ከፍ ያሉትን በመግነጢስ። ልብ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ያያል። ታይላንዳውያኑ ያንኑ ግራ የፊት አንጎል ለማንቃት ሲሞክሩ፣ ኩባውያኑ ለማብረድ ሞክረዋል። ሁለቱም ተሻለ አሉ።

በዚህ መካከል ወሬው ከሐኪም ቤት ወጣ። ኢንተርኔት ላይ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪና ስፖንጅ ገዝቶ እቤት መሥራት ፋሽን ሆነ። በ2016 ተመራማሪዎች ለእነዚህ ሰዎች ግልጽ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ለልጆች ሥጋቱ ይብሳል፤ የራስ ቅላቸው ስስ ስለሆነ ለአዋቂ የተለካው ኮረንቲ ከመጠን በላይ ዘልቆ ይገባል። በተጨማሪም ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ይበዛሉ፤ መግነጢሱ ደግሞ አልፎ አልፎም ቢሆን ያንን ሊቀሰቅስ ይችላል። በዚያው ዓመት ኦበርማን፣ ካሳኖቫ፣ አውስትራሊያዊው ፒተር ኤንቲኮትና ሌሎችም ተሰብስበው የመግነጢሱ ሕክምና ለኦቲዝም ከጥናት ውጪ ሊሰጥ የሚችልበት ደረጃ ላይ እንዳልደረሰ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። የሚያበረታታ ነገር አለ፤ ጥናቶቹ ግን ትንንሽና የተለያዩ ናቸው አሉ።

በ2020 ከቶሮንቶ የስቴፋኒ አሜስ ቡድን መልሱን በከፊል አመጣ። አርባ ወጣቶችና ጎልማሶች፣ አራት ሳምንት፣ ጥብቅ የይምሰል ቁጥጥር። የተለካው ቋንቋ ሳይሆን ሐሳብን የማደራጀት ችሎታ ነበር። እውነተኛውን መግነጢስ ባገኙትና ባላገኙት መካከል በአጠቃላይ ልዩነት አልታየም፤ ሁለቱም ወገን ተሻሽሏል። ይህ ዓይነቱ ውጤት ጋዜጣ ላይ አይወጣም። እኔ ግን ከብዙዎቹ የደስታ ዘገባዎች አስበልጬ አየዋለሁ።

በመጋቢት 2024 የአሜሪካው አስተዳደር መግነጢሱ ከ15 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወጣቶች ድባቴ ከሌላ ሕክምና ጋር እንዲሰጥ ፈቀደ። ኦቲዝም በዚያ ፈቃድ ውስጥ የለም፤ ለስፖንጁ ኮረንቲም ቢሆን የኦቲዝም ፈቃድ አልተሰጠም። ይህን ሁሉ እያወቁ ለኦቲዝም እያሉ በግል የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች አሉ። በጥናቶቹ በኩል ደግሞ ጥያቄው ተለውጧል። ኮረንቲው ብቻውን ቃል ያመጣል ወይ ከሚለው ይልቅ፣ አንድ የንግግር ባለሙያ ከልጁ ፊት ተቀምጦ ሥዕል እያሳየ በሚያስጠራበት በዚያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ኮረንቲው ሥራውን ያቀልለት እንደሆነ፣ ለየትኛው ልጅ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኛው የአንጎል ወገን የሚለውን እየለኩ ነው።